አውቶማቲክ መኪና ጠዋት ሲነሳ መቼ ማርሽ ይግባ?

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በአዳማ የመኖሪያ ሰፈሮች ሲያልፉ ከግቢ በር ጀርባ የሚሰማ ነገር አለ። ሞተር ይነሳል፣ ዙሩ ከፍ ብሎ ይጮኻል፣ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ማርሽ ይገባና «ጓ!» ይላል፤ መኪናው ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ይወጣል። መኪናው አልተበላሸም፣ ሹፌሩ ነው የቸኮለው። ያ «ጓ» በየማለዳው ሲደጋገም ግን የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ሸራዎች፣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚይዙትን ጎማዎችና በኋላ እግር (ጎማ) በሚነዱት መኪኖች ላይ ክሮቼራውን (ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያደርሰውን ዘንግ መጋጠሚያ) ቀስ በቀስ ይበላል። የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና አቆይቶ መንዳት የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል።

የሚጠበቀው ሞተሩ እስኪሞቅ አይደለም። የዙር መለኪያው መርፌ እስኪወርድ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል፤ አንዱ ቶሎ ብሎ ካምቢዮውን ይጎዳል፣ ሌላው አሥር ደቂቃ አስነስቶ ቆሞ ነዳጅ ያቃጥላል። መርፌው የሚወርደው አዳማ ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው።

ዙሩ ለምን ከፍ ይላል

ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ አይተንም። ከኢንጀክተሩ የሚረጨው ቤንዚን ከፊሉ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀራል፣ ሳይቃጠልም ይወጣል። የሞተር ዘይቱም ወፍሮ ስለሚያድር ሞተሩ ለመዞር ይከብደዋል። ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጁንም አየሩንም ይጨምራል፤ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) ከፍ ይላል።

ሌላው ምክንያት ካታሊስቱ ነው። ጭስ ማጣሪያው ሥራ የሚጀምረው ሁለትና ሦስት መቶ ዲግሪ ሲደርስ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ቶሎ ሊያሞቀው የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፣ ዙሩንም ከፍ አድርጎ ትኩስ ጭስ ይልክበታል። ካታሊስቱን ቀድሞ ያስወጣ ሰው ብዙ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በሌለ ዕቃ ላይ ማሞቁን ይቀጥላል።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በበጋው ወራት ንጋት ላይ ሙቀቱ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ይወርዳል። በዚህ ብርድ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ሲነሳ በደቂቃ ከ1,300 እስከ 1,600 ዙር ላይ ይቀመጣል፤ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ 1,000 ወይም 1,200 ይወርዳል። ሙሉ በሙሉ ሲሞቅ 650 እስከ 800 ነው። ይኸው መኪና አዲስ አበባ ላይ ቢያድር ብርዱ ስለሚበረታ ዙሩ ከፍ ብሎ ትንሽ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ቆሞ የነበረ መኪና ደግሞ ሲነሳ አንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ጮኾ ይወርዳል፤ ይህም የጤና ነው።

ቅደም ተከተሉ

ማርሹ ፒ (መቆሚያው) ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ቀኝ እግር ፍሬኑ ላይ ይሁን። መኪናው በቁልፍ የሚነሳ ከሆነ ቁልፉን ከማስነሻው አንድ ደረጃ በፊት ላይ ለሁለት ሰከንድ ያቁሙት፤ የነዳጅ ፓምፑ መስመሩን ይሞላል፣ ሞተሩም በአንድ ማዞር ይነሳል። ኤሲው ጠፍቶ ይሁን፣ ኮምፕረሰሩ ሲገባ ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋልና።

ነዳጅ መስጫውን አይንኩ። ሞተሩ ኢንጀክሽን ከሆነ አየሩንም ቤንዚኑንም ራሱ ለክቶታል። «ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ዙሩን ማውረድ» የሚባለው ልማድ ከካርቡራተር (ያለ ኮምፒውተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ዘመን የቀረ ነው።

የሚጠበቀውን ግማሽ ደቂቃ ሥራ ይስጡት፦ ቀበቶ ማሰር፣ መስታወት ማየት፣ ወንበር ማስተካከል። የግቢውን በር ለመክፈት የሚወርዱ ከሆነ ፒ ላይ መሆኑንና የእጅ ፍሬኑ መያዙን አይተው ይውረዱ። በዚህ ሰዓት ዲ (ወደ ፊት) ላይ ወይም አር (ወደ ኋላ) ላይ በእጅ ፍሬን ብቻ ትቶ መውረድ አደጋ ነው፤ ከፍ ባለ ዙር መኪናው የላላ የእጅ ፍሬን ጎትቶ ይሄዳል።

መርፌው 1,000 እና 1,100 አካባቢ ሲደርስ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይርገጡና ማርሹን ያስገቡ። ጠዋት ላይ ፔዳሉ ትንሽ የደነደነ ሊመስል ይችላል። ፍሬኑን የሚያግዘው የሞተሩ አየር የመሳብ ኃይል ሲሆን፣ ከፍ ባለው ዙር አየር ማስገቢያው ስለሚከፈት ይህ ኃይል ይቀንሳል። ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይበቃል።

ማርሹ ከገባ በኋላ ፍሬኑን ወዲያው አይልቀቁ። «አንድ» ብሎ ለመቁጠር ያህል ይቆዩ፤ መኪናው ለስለስ ብሎ ሲይዝ በወንበሩ በኩል ይሰማዎታል። ከዚያ በኋላ ነው ፍሬኑ ቀስ ተብሎ የሚለቀቀው። ከአር ወደ ዲ ሲቀይሩ መኪናው ሙሉ በሙሉ ይቁም፤ ወደ ኋላ እየተንከባለለ ዲ ማስገባት ከፍ ካለ ዙር የባሰ ጥፋት ነው።

ፍሬኑን ሲለቁ መኪናው ከሌላው ጊዜ ፈጠን ብሎ እንደሚንሸራተት ይጠብቁ። ከግቢ ወደ ኮብልስቶኑ በሚወጡበት ጊዜ ተማሪ የጫነ ባጃጅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ እግርዎ ከፍሬኑ በላይ ይቆይ።

አንድ ደቂቃ ሞልቶ መርፌው አሁንም 1,300 ላይ ከሆነስ? ፍሬኑን አጥብቀው ይዘው ያስገቡና ይሂዱ። ማርሽ ሲገባ አብዛኛው መኪና ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ቆሞ ከመጠበቅ ይልቅ ቀስ እያሉ መንዳት ሞተሩንም ካምቢዮውንም ቶሎ ያሞቃቸዋል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ከ2,500 ዙር በታች ይንዱ። መንገድ ላይ መኪናው አንድ ማርሽ እንደጎደለው ሆኖ ዙሩ ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ የመጨረሻው ማርሽና የቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው ክፍል) መቆለፊያ ሆን ተብለው ይዘገያሉ። ወደ ፈጣኑ መንገድ የሚወጡ ከሆነ ከቤትዎ እስከ ክፍያ ጣቢያው ያለው መንገድ ለማሞቂያ ይበቃል፤ ቪትዝና ያሪስ ላይ ያለችው ሰማያዊ የውኃ ሙቀት መብራት ከጠፋች ደግሞ እንደወትሮው መንዳት ይቻላል። መብራቷ እስክትጠፋ ቤት ቆሞ መጠበቅ ግን አያስፈልግም።

የግቢዎ መኪና ማቆሚያ የተዘጋ ክፍል ከሆነ ግማሽ ደቂቃውም ቢሆን በሩ ተከፍቶ ይሁን። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ስለሚያበዛ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሞቀው ሞተር ይበልጣል፤ አይሸትም፣ ይገድላል።

«ጓ» የሚለው ምኑ ነው

አውቶማቲክ ካምቢዮ በሞተሩና በራሱ መካከል ፍሪሲዮን የለውም፤ ዘይት የተሞላ ቶርክ ኮንቨርተር ነው ያለው። በውስጡ ሁለት ክንፋም ጎማ የመሰሉ ክፍሎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንደኛው ከሞተሩ ጋር የታሰረ ነው፤ ሁለተኛው ከካምቢዮው ጋር። ማርሹ ፒ ወይም ኤን (ባዶ) ላይ እያለ ሁለተኛውን የሚይዘው የለም፤ ዘይቱ እየጎተተው ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዞራል። ሞተሩ 1,500 ከሆነ እሱም ወደ 1,500 ይጠጋል።

አሁን ዲ ወይም አር ገባ። የዘይት ግፊት በካምቢዮው ውስጥ የተደረደሩትን ቀጫጭን ሸራዎች ያጣብቃል፤ እነሱም ያንን የሚዞር ክፍል ከመኪናው እግሮች ጋር ያገናኙታል። እግሮቹ በፍሬን ቆመዋል። ስለዚህ 1,500 ይዞር የነበረው ነገር በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ዜሮ መሆን አለበት፤ ጉልበቱንም ሸራዎቹ በሙቀት መልክ ይቀበሉታል። የሚዞር ነገር ጉልበት በዙሩ ካሬ ነው የሚያድገው። ዙሩ ከ750 ወደ 1,500 እጥፍ ሲሆን ሸራዎቹ ላይ የሚወርደው አራት እጥፍ ይሆናል። በ1,000 ሲያስገቡ ግን ከ750ው ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው መርፌው እስከ 650 እስኪወርድ መጠበቅ ትርፉ ትንሽ የሆነው፤ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከ1,500 ወደ 1,000 ባለው ላይ ነው።

ከዚህ ጋር የማይገናኝ ሌላ «ጓ» አለ። ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ በፒ ብቻ የቆመ መኪና ክብደቱ በሙሉ ካምቢዮው ውስጥ ባለች አንዲት የብረት ጥርስ ላይ ያርፋል። ጠዋት ማርሹ ከፒ ሲወጣ ጥርሷ በኃይል ትላቀቃለች፤ መርፌው 700 ላይ ቢሆንም ድምፁ ያው ነው። መድኃኒቱ ማታ ላይ ነው፦ ፍሬን ይያዙ፣ ኤን ያስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ የእግር ፍሬኑን ለቀቅ አድርገው መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ፣ በመጨረሻ ፒ ያስገቡ። የትኛው «ጓ» እንደሆነ ለመለየት ለጥ ባለ ቦታ ያሳድሩትና ጠዋት ያዳምጡ።

መርፌው አልወርድ ካለ

ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲው ጠፍቶ ሚኒሞው አሁንም ከ1,000 በላይ ከሆነ ይህ የብርድ ጉዳይ አይደለም። ወደ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ የራዲያተሩን ውኃ፣ ሞተሩ በርዶ እያለ። በድሮዎቹ ቶዮታዎች ላይ የሚኒሞውን አየር የሚቆጣጠረው ቫልቭ ራሱ የራዲያተር ውኃ ያልፍበታል፤ ውኃው ሲጎድል ወይም አየር ሲገባበት ዙሩ ከፍ ይላል፣ አንዳንዴም ከፍ ዝቅ እያለ ይጫወታል። ቀጥሎ የነዳጅ መስጫው ገመድ፤ ያለ ምንም መርገጥ ተወጥሮ ከሆነ ገመዱ ነው። ከዚያ ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያሉትን ጎማ ቱቦዎች ይመልከቱ። የተሰነጠቀ ቱቦ «ስስስ» የሚል ድምፅ አለው፤ ሞተሩ እየሠራ በፒንሳ ጨመቅ ሲያደርጉት ዙሩ ከወረደ ሌባውን አግኝተውታል። እጅና ልብስ ከቤልቱ ይራቁ።

ቤንዚን የሚያበዛ፣ ጭሱ የጠቆረ፣ ሲሞቅም ዙሩ የማይወርድ ከሆነ የውኃ ሙቀት ሴንሰሩን ይጠርጥሩ። ኮምፒውተሩ ብርድ መሆኑን የሚያውቀው በእሱ ነው፤ ሁልጊዜ ብርድ ነው ካለው ሁልጊዜ የማለዳ ሚኒሞ ይሰጣል። በቴስተር ሲለካ አብዛኛው የቶዮታ ሴንሰር 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ያሳያል። ሴንሰሩን ፈትቶ ቀዝቃዛና ትኩስ ውኃ ውስጥ መንከር ይበቃል። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ቫልቭ) ተነቅሎ የተጣለ መኪናም እንዲሁ ነው። «አዳማ ሙቀት ነው፣ አያስፈልግም» ተብሎ ቴርሞስታት የወጣባቸው መኪኖች አሉ፤ ሞተሩ ወደ መደበኛው ሙቀት ለመድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፣ ከፍተኛው ሚኒሞም አብሮ ይረዝማል። ይመለስ።

የአዳማ ነፋስ ደግሞ አቧራ ይዞ ይመጣል። ማጣሪያው ካረጀ አቧራው ከዘይት ተን ጋር ተለውሶ ትሮትል ቦዲው (የሞተሩ አየር መግቢያ ክዳን ያለበት ክፍል) ላይ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። ይህ ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ተቃራኒውን ችግር ነው፦ ጠዋት ዙሩ መነሳት ሲገባው አይነሳም፣ ዲ ሲገባም ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ማጽዳት ተገቢ ነው። ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትሮትል ከጸዳ በኋላ ዙሩ 1,200 እና ከዚያ በላይ ላይ ቢቀር ተበላሸ ብለው አይደንግጡ። ኮምፒውተሩ ከቆሻሻው ጋር ተለማምዶ ነበር፤ እንደ አዲስ እንዲማር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ባትሪ ሲነቀልም ይኸው ያጋጥማል። በአንዳንዱ መኪና ጥቂት ቀን በመንዳት ይስተካከላል፣ በሌላው በኮምፒውተር መሠራት አለበት።

አንድ ነገር እምቢ ይበሉ፦ የትሮትሉን ማቆሚያ ቡሎን ጠምዝዞ ሚኒሞ ማውረድ። ዛሬ መርፌው ይወርዳል፣ ምክንያቱ ግን እንዳለ ነው፤ ነገ ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ይላል።

መርፌው ወርዶም ከመታ

ዙሩ 700 ላይ ሆኖ፣ ሞተሩም ሞቆ አሁንም «ጓ» ካለ ሞተሩን የሚይዙትን ጎማዎች ያስፈትሹ። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ አንድ ሰው ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ ዲና አር ሲያፈራርቅ ሌላው ከጎን ቆሞ ያያል። ከፊት ወይም ከኋላ መቆም ክልክል ነው። ሞተሩ ብድግ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ጎማው ተቀዷል።

ማርሹ ቶሎ የማይይዝ ከሆነ ደግሞ በሰከንድ ይለኩት። ቶዮታ ለተለመዱት አውቶማቲኮቹ የሚሰጠው ልክ ከኤን ወደ ዲ ከ1.2 ሰከንድ በታች፣ ከኤን ወደ አር ከ1.5 ሰከንድ በታች ነው፤ ካምቢዮው ሞቆ፣ በየአንድ ደቂቃው ልዩነት ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። የስልክ ሰዓት ይበቃል። ጠዋት የመጀመሪያዋ ማርሽ ማስገባት ብቻ ዘግይታ በቀሪው ቀን ደህና ከሆነ ዘይቱ ሌሊት ከቶርክ ኮንቨርተሩ ወደ ታች ሰርጎ ያድራል ማለት ነው፣ ወይም ውስጥ ያሉት ላስቲኮች ደርቀዋል። ያልያዘ ማርሽ ላይ ነዳጅ መርገጥ ግን ሸራውን ያቃጥላል፤ ይዞ እስኪሰማ ይጠበቅ።

የካምቢዮ ዘይት አለካክ እንደ መኪናው ይለያል። መለኪያ ዘንግ ያላቸው ቶዮታዎች ሞቀው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፍሬን ተይዞ በሁሉም ቦታ አልፎ ወደ ፒ ከተመለሰ በኋላ ይለካሉ፤ ሆንዳ ላይ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ተቆይቶ። ቀይና ጥርት ያለ ጥሩ ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ካምቢዮው ቀድሞ ተጎድቷል። ሲቀየር ከታች ተከፍቶ የሚፈሰው ከሲሶ እስከ ግማሹ ብቻ ስለሆነ በሽያጭ ወረቀት ላይ «ዘይት ተቀይሯል» የሚለው ሙሉውን ማለት ላይሆን ይችላል። ሲቪቲ (የተወሰኑ ማርሾች የሌሉት) ካምቢዮ ያለው ቪትዝ የራሱ ዘይት አለው፤ የተለመደው ቀዩ ዘይት እዚያ ውስጥ መግባት የለበትም።

የዙር መለኪያ የሌላቸው

ብዙ ቪትዝ ዳሽቦርዱ ላይ የዙር መለኪያ የለውም። ጆሮ ይበቃል፦ ሞተሩ ሲነሳ ያለው ጩኸት አንድ ጊዜ ደረጃ ወርዶ ጎርነን ይላል፤ ያን ጊዜ ነው። ጆሮውን ያልለመደ ሰው የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሰኪያ) ሰክቶ በስልኩ ላይ ዙሩንና የውኃውን ሙቀት አብሮ እያየ ለሳምንት ቢለማመድ ከዚያ በኋላ አያስፈልገውም።

ካርቡራተር ያላቸው የድሮ ኮሮላዎች ይለያሉ። ቾካቸው (በብርድ አየሩን የሚያጠበው ክዳን) ራሱን የሚዘጋ ከሆነ ከማስነሳት በፊት ነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ እስከ ታች ረግጦ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ቾኩ የሚያዘው ያኔ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ዙሩ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ በራሱም አይወርድም፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ነካ ሲያደርጉት ዝቅ ይላል። ከማርሽ በፊት መንካት የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው።

ሁለት ፔዳል ያላቸው ግን ውስጣቸው ማንዋል የሆኑ መኪኖችም አሉ፤ አንዳንድ ሱዙኪ ዲዛየር እንዲህ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር የላቸውም፤ ኮምፒውተሩ ተራ ፍሪሲዮን ነው የሚይዘውና የሚለቀው። በነዚህ ላይ ማርሽ ሲገባ «ጓ» ላይሰማ ይችላል፤ ከፍ ያለው ዙር የሚጎዳው መኪናው ሲነሳ ፍሪሲዮኑን በማንሸራተት ነው። ስለዚህ እዚያም መርፌው ይውረድ፤ ዳገት ላይ ደግሞ መኪናውን በነዳጅ ሳይሆን በፍሬን ያቁሙት።